የሣር ዕዳ፦ በሰሜን አሜሪካ ቤተ ሰቦች ግቢ ስለሚረጨው መድኃኒት የቀረበ ሐተታ

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሸማችን ሲገልጹት ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ዋጋውን የሚከፍል ሰው አድርገው ነው፤ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በከተማ ዳርቻ ተቀምጦ በየጸደዩ ለግቢው ሣር ማዳበሪያና ፀረ አረም የሚገዛው አባወራ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር አይስማማም። ፖል ሮቢንስና ጁሊ ሻርፕ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፥ መድኃኒቱን የሚረጩት ሰዎች ከማይረጩት ይልቅ ውሃን እንደሚጎዳ የሚያውቁ፥ በገቢም የተሻሉ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ካለማወቅ የመጣ ካልሆነ፥ ምክንያቱን ከሌላ ስፍራ መሻት ግድ ይሆናል።

ከፊሉ በራሱ በመድኃኒቱ ጠባይ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዚያ አገር ለግቢ የሚሸጠው የሣር ዘር ብዙውን ጊዜ ከነጭ ማገጥ ጋር ተቀላቅሎ ይቀርብ ነበር፤ ማገጡም በሥሩ በሚያድሩት ረቂቃን ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር እየሳበ በአጠገቡ ያለውን ሣር ያለ ዋጋ ይመግብ ነበር። የእኛም የስንዴና የጤፍ ገበሬዎች የሚያውቁት ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረም በ1945 ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ግን፥ ሣሩን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን የሚያደርቅ በመሆኑ፥ ማገጡን ከአረሙ ጋር አብሮ አጠፋው፤ ውሎ አድሮም ማገጥ ራሱ ከአረም ተቈጠረ፤ ተፈጥሮ በነጻ ትሰጠው የነበረውም ምግብ በከረጢት ተመዝኖ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ። አንዱ መድኃኒት ለሌላው ገበያ የሚወልድበት ይህ ሥርዓት፥ በእኔ አስተያየት፥ ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጥ ኃይል አለው።

ከዚህም የሚከብደው የጎረቤት ዓይን ነው። ያልተረጨ ግቢ የአረሙን ዘር ወደ አጎራባቹ ያሻግራል፥ የሰፈሩንም ቤቶች ዋጋ ያወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፥ ባለቤቱ የሚገዛው የሣሩን ልምላሜ ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ዘንድ ያለውን ክብር ነው። ዝናም አጥቦ ወደ ወንዝ የሚያወርደው ትርፍ መድኃኒት የሚያደርሰውን ጉዳት ዋጋ ግን በሽያጩ ውል ያልነበረው፥ ከታች ያለው ውሃ ጠጪ ይከፍለዋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አርተር ፒጉ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ላለው ጉዳት ግብርን መፍትሔ አድርጎ አቅርቧል፤ ሆኖም ክብሩን በገንዘብ ለሚጠብቅ ባለጸጋ ጥቂት የዋጋ ጭማሪ ምን ያህል ሊያግደው ይችላል? በአንጻሩ በካናዳ ኩቤክ ያለችው የሃድሰን ከተማ በ1991 ለውበት ሲባል የሚደረገውን ርጭት ደንብ አውጥታ ከለከለች፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሁለት የሣር እንክብካቤ ኩባንያዎች ያቀረቡትን ክርክር ሰምቶ በ2001 ደንቡን አጸና። ክልከላው ጎረቤታሞችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ፥ ብቻውን ቢተው የሚያፍረውን ሰው ከፉክክሩ ነጻ ያወጣዋል፤ ግብር ይህን ሊያደርግ አይችልም።