ሰዓትና ከፍታ፦ የሩጫ ውጤትን ከተሮጠበት ቦታ ጋር አገናዝቦ ስለ መመዘን

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ ባለው አጭር ርቀት ከደጋ ወደ ቆላ ያሻግራል። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት በመጀመሪያዋ ከተማ በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህሉ ሲሆን በሁለተኛዋ 86 በመቶ ይደርሳል፤ በመሆኑም አንድ ሯጭ 10,000 ሜትርን በሁለቱም ቢሮጥ፣ አቋሙ ምንም ሳይለወጥ ሰዓቱ ይለያያል።

ይህን መሰሉን ልዩነት የማረም ስሌት በሰፊው የዳበረው በአሜሪካ ቤዝቦል ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በተከፈተው ኩርስ ፊልድ ስታዲየም የተመታ ኳስ በሳሳው አየር ርቆ ይሄዳል፣ ነጥብም ይበረክታል። አጥኚዎች አንድ ቡድንና ተጋጣሚዎቹ በቡድኑ ሜዳ ያስቆጠሩትን አማካይ ነጥብ፣ ያው ቡድን ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ከተቆጠረው አማካይ ጋር በማነጻጸር «የሜዳ ምጣኔ» የሚባለውን ቁጥር ያወጣሉ፤ የተጫዋቹም ውጤት በዚህ ይታረማል።

የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን በ2:12:11 ሲያሸንፍ፣ ማሞ ወልዴ በ1968፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ያሸነፈው በ2:20:26 ነበር፤ በሰዓት ብቻ ከተለካ ማሞ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይዘገያል። ይሁንና አበበ ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ የቀደመው በ3.0 በመቶ፣ ማሞ ደግሞ በ2.1 በመቶ ስለሆነ፣ ከ6 በመቶ በላይ የነበረው ልዩነት ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። እርግጥ አንድ ተከታይ ብቻውን ጽኑ መነሻ አይሆንም፤ ያም ሆኖ የማሞን ድል በቶኪዮ ሰዓት መመዘን ፍትሕ የጎደለው ነው። ያው ስስ አየር በሌላ በኩል በዚያው ኦሊምፒክ ርዝመት ዘላዩ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር እንዲዘል ሳያግዘው አልቀረም፤ ስለዚህ እርማቱ እንደ ስፖርቱ ዓይነት አቅጣጫውን ይለውጣል።

እርማት በሌለበት የሚከፈለው ዋጋ በገሃድ ታይቷል፦ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚሄዱትን የመም ሯጮች እ.ኤ.አ. በ2021 የመረጠው በኔዘርላንድስዋ ሄንግሎ ነበር። በደጋ ሜዳ ሚኒማ ማሟላት፣ ማለትም ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት ማምጣት፣ እጅግ ከባድ ነውና። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ግን በከፍታ ላይ የተገኘን ሰዓት በቀመር ይለውጣል።

ያን ቀመር እንዳለ ማምጣት ግን አይበቃም፤ ከፍታ የሚያስከትለው የአቅም መቀነስ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በደጋ ተወልዶ ያደገ ሯጭም በቆላ ሯጮች ልክ ሊለካ አይገባም። የቤዝቦሉ ስሌት ጥንካሬው ያንኑ ቡድን በሁለት ቦታ ማነጻጸሩ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ለሚገኙበት ለሰሜን ሸዋም የሚበጀው ያንኑ የወጣት ሯጮች ቡድን በአንድ የልምምድ ወቅት፣ በተመሳሳይ ሜዳ፣ በደብረ ሲናም በሸዋ ሮቢትም ደጋግሞ ማስሮጥ፣ የቆላውም ሙቀት የዝቅተኛውን ከፍታ ጥቅም እንዳይሸፍነው ሩጫውን ገና ሲነጋ ማድረግ ነው።