የገነተ ልዑል በር

በስድስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር ገብቶ ወደ ቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚያቀና ሰው፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ወዴትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ያገኛል። ያቆሙት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት እንዲወክል ታስቦ ተሠራ። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጥቶበት እስከ ዛሬ ቆሟል። ቤቱ ያሳለፈውን እንዲህ አድርጎ በግልጽ የሚያሳይ ግቢ በከተማዋ ውስጥ ጥቂት ነው።

በአገሩ ልማድ የቤተ መንግሥት በር ለሕዝብ የሚከፈተው በዋናነት በሁለት ምክንያት ነበር። አንዱ ግብር ነው። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ወታደሩ በየተራው እየገባ፣ ከተሰቀለው ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ፣ ጠጁን እየጠጣ ይወጣል። ሌላው ደጅ ጥናት ነው። ርስቱን የተነጠቀ፣ ሹመት የሚሻ፣ ፍርድ የተጓደለበት ሰው ከደጅ ቆሞ ወራት ይቆጥራል። ቤቱን ለማየት ብሎ ብቻ መግባት የሚባል ነገር ግን አልተለመደም።

ገነተ ልዑል የተሠራው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአባታቸው ከራስ መኰንን በወረሱት ቦታ ላይ አሠርተው ገቡበት፤ ብዙም ሳይኖሩበት የጣሊያን ወረራ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ቤቱ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በሩ ለብዙ ሕዝብ ተከፈተ። እንደራሴው ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለከተማዋ ድሆች ምጽዋት እንደሚሰጥ አስነግሮ ነበር። አካል ጉዳተኞች፣ ዓይነ ስውራን፣ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ግቢውን ሞሉት። በመካከሉ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ወደ ሹማምንቱ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ጠባቂዎቹ በግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ መትረየስ አዘነቡ። ለምጽዋት የተጠራው ሰው መውጫ አጥቶ እዚያው ረገፈ። ጭፍጨፋው ከግቢው ወጥቶ ለሦስት ቀናት ከተማዋን አዳረሰ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው እንደገና ኖሩበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እሳቸው ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት እቴጌ መነን በጠና ታመዋል ተብለው ተጠሩና ተያዙ። ሙከራው መክሸፉ ሲታወቅ ታጋቾቹ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና መኰንን ሀብተ ወልድ ከሞቱት መካከል ናቸው።

ያ ደም የፈሰሰበት ቤት ከዚያ በኋላ የንጉሥ መኖሪያ አልሆነም። ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ ግድያው ከተፈጸመ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ትናንት ባለሟል ብቻ የሚያልፍበትን በር ደብተር የያዘ ወጣት ያለፈበት ያኔ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ተቋቋመ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ላለው የተቋሙ ሙዚየም መሠረት የሆነውን ስብስብ በትዕግሥት አሰባሰበ።

ዛሬ ጎብኚው ሁለት ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ያያል። አንደኛው የሕዝቡ ሕይወት ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ተከፋፍለው አይደለም፤ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞትና ከሞት ወዲያ እየተባለ በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። የአንዱ አካባቢ የልጅ መታቀፊያ ከሌላው አካባቢ መጫወቻ አጠገብ ይቀመጣል። ላይኛው ፎቅ ላይ መስቀሎች፣ በገበታ የተሣሉ ሥዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። ሁለተኛው ቤቱ ራሱ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደነበሩ ተጠብቀዋል። በመልበሻ ክፍሉ መስታወት ላይ የታኅሣሡ ግርግር ጥይት የበሳው ቀዳዳ ይታያል። መስታወቱን መቀየር ቀላል ነበር፤ ሳይቀየር መቅረቱ ግን ለጎብኚው ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳል። ቅርስ ሲታደስ ጠባሳውን ሁሉ ለጥፎና ቀብቶ አዲስ ማስመሰል የሚቀናው ሰው ይህን ክፍል ቢያይ መልካም ነው።

በሌላ አገርም የታላላቅ ቤቶች በር የተከፈተው በቅርብ ጊዜ ነው። ፈረንሳይ ታሪካዊ ሕንፃዎቿን በመስከረም ወር ለሕዝብ የምትከፍትበትን ቀን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዣክ ላንግ የባህል ሚኒስትር ሳሉ ነው። ሐሳቡ በ1991 የአውሮፓ የቅርስ ቀን ሆኖ በአህጉሩ ተስፋፋ። በዚያ ቀን ፓሪሳዊው ተሰልፎ የፕሬዚዳንቱን ቤተ መንግሥት ይጎበኛል። በአዲስ አበባም የምኒልክ ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል፤ በደርግ ዘመን እስር ቤት የነበረው ምድር ቤትም ከሚጎበኙት አንዱ ሆኗል። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተሠራው ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። ገነተ ልዑል ግን በሩን ለሕዝብ በመክፈት ከሁለቱም በግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀድማል።

ጉድለቱ የሚታየው ጎብኚው ላይ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ በስድስት ኪሎ በየቀኑ በታክሲ እያለፈ ሕንፃውን ከውስጥ አያውቀውም፤ ፍተሻ ያለበት የዩኒቨርሲቲ በር የተማሪና የመምህር ብቻ ይመስለዋል። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አርበኞች፣ ተማሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ከግቢው ፊት ለፊት ባለው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ተሰብስበው አበባ ያኖራሉ፤ ሥርዓቱ ሲያበቃም ይበተናሉ። ድርጊቱ የተፈጸመበት ግቢ ከሐውልቱ መንገድ ተሻግሮ ነው። በዚያ ቀን በሩ ያለ ክፍያ ለሁሉም ቢከፈት፣ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተማሪዎችም አስጎብኚ ሆነው ሕዝቡን ከሐውልቱ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ አረንጓዴው ሳሎን ቢመሩት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲውንና የከተማ አስተዳደሩን ስምምነት፣ ለአሮጌው ወለል የሚመጥን የጎብኚ ቁጥርና ከወዲሁ የተዘጋጀ መርሐ ግብር ነው።