በኢንተርኔት የሚሰጥ የሠራተኞች ጤና መርሐ ግብር

የሠራተኞች ጤና መርሐ ግብር አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው የአካል እንቅስቃሴ እንዲያዘወትሩ፣ አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ፣ ሲጋራ ማጨስ እንዲያቆሙና ጭንቀትን እንዲቀንሱ ለማበረታታት የሚያዘጋጁት አገልግሎት ነው። በኢንተርኔት ሲሰጥ በድረ ገጽ ወይም በስልክ መተግበሪያ ይቀርባል። አሠራሩ በተለይ በአሜሪካ ተስፋፍቷል፤ በዚያ አገር ብዙ ሠራተኞች የጤና መድን የሚያገኙት በአሠሪያቸው በኩል ስለሆነ የሠራተኛው ሕመም የድርጅቱንም ወጪ ይጨምራል።

ታሪክ

ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው «ሊቭ ፎር ላይፍ» ከቀደምት መርሐ ግብሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና መድን ሕግና በሥሩ የወጡት ደንቦች ከጤና ውጤት ጋር የተያያዘ ማበረታቻ እስከ መድኑ ዋጋ 30 በመቶ፣ የትምባሆ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ እስከ 50 በመቶ እንዲደርስ ፈቅደዋል።

አሠራር

ሠራተኛው በመጀመሪያ ስለ ጤናውና ስለ ልማዱ የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የደም ስኳሩና የኮሌስትሮል መጠኑ ይለካል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ወይም በእጁ ላይ የሚያስረው መሣሪያ እርምጃውን ይቆጥራል። ትምህርቶችን ሲከታተልና ግቡን ሲመታ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ወደ ገንዘብ፣ ወደ ስጦታ ወይም ወደ መድን ቅናሽ ይለወጣል።

ውጤታማነት

ባይከር፣ ከትለርና ሶንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ቀደምት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ለመርሐ ግብሩ በሚወጣ በእያንዳንዱ 1 ዶላር የሕክምና ወጪ በ3.27 ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ ገምተው ነበር። በኋላ ሠራተኞችን በዕጣ በመመደብ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ይህን አላረጋገጡም።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ4,800 በላይ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት በሕክምና ወጪ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። በፈቃዳቸው የተመዘገቡት ሠራተኞች መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊትም ዝቅተኛ የሕክምና ወጪ ነበራቸው። ስለዚህ ተሳታፊዎችን ካልተሳተፉት ጋር ብቻ ማነጻጸር፣ ቀድሞ የነበረውን ልዩነት የመርሐ ግብሩ ውጤት ያስመስለዋል።

በቢጄስ ሆልሴል ክለብ 160 የሥራ ቦታዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም መርሐ ግብሩ በተሰጠባቸው ቦታዎች 69.8 በመቶ፣ ባልተሰጠባቸው 61.9 በመቶ የሚሆኑት ሠራተኞች አዘውትረው የአካል እንቅስቃሴ እንደሚያደርጉ መናገራቸውን አሳይቷል። ከ18 ወራት በኋላ ግን በደም ግፊት፣ በክብደት፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

ክርክር

ዋናው ክርክር ተሳትፎው በእርግጥ በፈቃደኝነት ነው ወይ የሚል ነው። ለተሳታፊ የሚሰጠው ቅናሽ ላልተሳተፈው እንደ ቅጣት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን 30 በመቶ የሚደርስ ማበረታቻ ፈቃደኝነትን አያጓድልም ያለበትን ምክንያት በበቂ አላስረዳም ብሎ ወስኗል፤ የማበረታቻ ደንቡም ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ተሽሯል። በዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ መተግበሪያ ተጠቅመው በቂ ነጥብ ያላገኙ የመንግሥት ሠራተኞችን በወር 25 ዶላር ተጨማሪ የማስከፈል ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የመምህራንን ቁጣ ካስነሡት ጉዳዮች አንዱ ነበር፤ ዕቅዱም ተትቷል።

ሌላው ጉዳይ የመረጃ ምሥጢር ነው። የአሜሪካ የሕክምና መረጃ ጥበቃ ሕግ የሚሸፍነው መርሐ ግብሩ የጤና መድኑ አካል ሲሆን ነው፤ አሠሪው ለብቻው በሚያቀርበው አገልግሎት የሚሰበሰበው መረጃ በዚህ ሕግ አይሸፈንም።