ወደ ገነተ ልዑል በምን ይኬዳል?

ሰው ከአንድ ደጅ ሲደርስ «በምን መጣ?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን የመጓጓዣ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ባለበቅሎና እግረኛ አንድ ዓይነት ጉዳይ ይዘው ቢመጡ እንኳ አቀባበላቸው አንድ አልነበረም። ባለበቅሎውም ቢሆን ከበላዩ ሰው ደጅ ሲደርስ መውረድ ነበረበት። በፊትና በኋላው የሚሮጡት አሽከሮች ብዛት የጌትነቱ መለኪያ ነው። ከአሽከሮቹ አንዱ ደግሞ ጌታው ጉዳዩን ፈጽሞ እስኪወጣ በቅሎዋን ይዞ ከደጅ ይቆማል። ዛሬ መኪናችንን አቁመን ስንወርድ «ግቡ፣ እኔ አለሁ» የሚለን ወጣት የዚያ በቅሎ ያዥ የሥራ ወራሽ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

ይህን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ለማየት የሚመች አንድ ቤት አለ። ይኸውም ስድስት ኪሎ የሚገኘው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እምብርት የሆነውና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ የመንገድ ስም ነው። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ስንል «ኪሎ» የምንለው የኪሎ ሜትር ቁራጭ እንደሆነ ይነገራል። ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር በመኳንንት፣ በታቦት ወይም በገበያ ስም ሲጠራ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰፈር በርቀት መለኪያ መጠራቱ ለዚህ ጽሑፍ የተመቸ ነገር ነው።

የመኪና ደጅ

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞት ሲመጣ፣ ከተማዋ የበቅሎና የእግረኛ ከተማ ነበረች። ገነተ ልዑል በ1920ዎቹ ሲሠራ ግን መኪና የመኳንንቱ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ ከአሮጌው ግቢ የሚለይበት ነገር ነበረው። ይህ ቤት ሰፊ ቅጥርና ዛፍ ያለው፣ እንግዳው በመኪና እስከ ደጁ የሚደርስበት የአዲስ ዘመን ቤት ነው። ብዙ ሰው እንዲመጣበት አልታሰበም። ጥቂት ሰዎች በክብር እንዲደርሱበት ነበር የታሰበው።

በክብር ያልመጣ ሰው ግን የቤቱን ታሪክ ለወጠው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቤቱ የጣሊያን እንደራሴ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የጣሊያን ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ፣ የአዲስ አበባ ድኻ ከየሰፈሩ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ በግቢው ተሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ በከተማው ላይ ለሦስት ቀናት የወረደውን እልቂት የማያውቅ የለም። በእግሩ ለምጽዋት የመጣው ድኻ በዚያው በግቢው ውስጥ መውጫ አጥቶ አለቀ።

ከዚያ ቀን ስሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ በሦስተኛነት የሚነሳ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚረሳ ሰው አለ፤ ስምዖን አደፍርስ ይባላል። ታክሲ ነጂ ነበር። ሁለቱን ቦምብ ወርዋሪዎች በመኪናው ከከተማ ያወጣቸው እሱ ነው። በኋላም ጣሊያኖች ይዘው ገደሉት። የተወረወረው ቦምብ ሲወሳ መኪናው ይዘነጋል። ነገር ግን የሚያመልጡበት መኪናና የሚነዳ ቆራጥ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ሁለቱ ጀግኖች ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው ሊሮጡት ነበር። በስድስት ኪሎ አደባባይ መሐል የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በዙሪያው ታክሲ ሲሽከረከር ይውላል። ከነጂዎቹ ስንቱ የሙያ ወንድሙን ያውቀው ይሆን?

የእግረኛ ግቢ

ከነጻነት በኋላ ቤቱ እንደገና የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት የታገቱት እዚሁ ነው። መጨረሻው ሲቃረብም ብዙዎቹ በዚያው ቤት ውስጥ በጥይት ተረሸኑ። ደም የፈሰሰበትን ቤት ንጉሠ ነገሥቱ መልሰው ሊኖሩበት አልፈለጉም። ለትምህርት ሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመሠረተ።

እንግዲህ ስጦታው ምን ማለት እንደነበረ እናስብ። ትናንት ጥቂት መኪኖች የሚገቡበት በር፣ ዛሬ ደብተር ለያዘ እግረኛ ተከፈተ። ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሌላው ስድስት ኪሎ ሲሆን፣ ተማሪው በሦስቱ «ኪሎዎች» መሐል በእግሩ መመላለስ ልማዱ ሆነ። የትውልዱ ክርክር የተካሄደው በአዳራሽ ብቻ አልነበረም። በዚያ መንገድ ላይም ነበር። ከፒያሳ የሚመጣው በራስ መኮንን ድልድይና በአፍንጮ በር በኩል ይወጣል። ከእንጦጦ ግርጌ የሚመጣው ደግሞ በሽሮ ሜዳ ይወርዳል። በዚያው ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች ከተማሪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ያልፉ ነበር። ስለ ድኻው ሕዝብ በመጽሐፍ ያነበበው ተማሪ ሕዝቡን የሚያገኘው ከበሩ ላይ ነበር ማለት ነው።

መንገዱ ደምም አይቷል። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት የተመታው በአፍንጮ በር አቅራቢያ ነው። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ግቢው ሲያመጡ ወታደር ግቢውን ሰብሮ ገባ፣ ተማሪዎችም ተገደሉ።

የመጓጓዣ ነገር በግልጽ የመንግሥት ነገር የሆነው ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። በዓለም ገበያ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ በአገራችንም የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወም መምህራን አደሙ። ተማሪው ወጣ። ድንጋይ ከተወረወረባቸው ነገሮች መካከል የከተማው አውቶቡሶችና የባለጸጎች መኪኖች ይገኙበታል። አውቶቡሱ ያለምክንያት አልተመታም። ድርጅቱ የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ድርሻ ያለበት አክሲዮን ማኅበር እንደነበረ ከተሜው ያውቅ ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፣ የትምህርቱም ጥናት እንዲቆይ ተደረገ። ይሁንና ጊዜው አልፏል። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የስምዖን አደፍርስ የሙያ ልጆች የወራሪን ሳይሆን የገዛ አገራቸውን መንግሥት አነቃነቁ።

የቆመ መኪና

አብዮቱ መጓጓዣውንም ስም አወጣለት። ሰይቸንቶዋ ታክሲ ሳትጠፋ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው መኪና «ውይይት» ተባለ። ተሳፋሪው እንደ ዘመኑ የውይይት መድረክ ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ነው ይላሉ። ልዩነቱ፣ በታክሲው ውይይት ዝም ማለት ይቻል ነበር። ኋላ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ መንገዱን ወረሰ። «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ! ሽሮ ሜዳ!» የሚለው የወያላ ጥሪም የዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ደወል ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ወዲህ አልዘለቀም። ስለዚህ በባቡር የሚመጣ ሰው ከፒያሳ የሚቀረውን ዳገት እንደ አባቶቹ በእግሩ፣ ወይም እንደ ታላላቆቹ በታክሲ ይወጣዋል።

አሁን አዲሱ ጥያቄ «በምን ልሂድ?» ሳይሆን «የት ላቁም?» ሆኗል። ለቤተ መንግሥት መኪኖች የተሠራ ቅጥር የመምህሩን፣ የሠራተኛውን፣ የማታ ተማሪውንና የሙዚየም ጎብኚውን መኪና ሁሉ ቻል ተብሏል። ቅጥሩ የሞላበት ከመንገዱ ዳር ይቆማል፣ የመንገዱ ዳር ደግሞ የእግረኛው ድርሻ ነው። መኪና በቆመበት ሁሉ እግረኛው ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከሚከንፈው መኪና ጋር ይጋፋል። አንዱ መኪና ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚይዘው ቦታ ስንት ተማሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያነብበት እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

መኪና ይጥፋ ማለቴ አይደለም። የታመመ አለ፣ አዛውንት አለ፣ ከሩቅ የሚመጣ አለ። መኪና የሚያቆም ሰው ሁሉ ጌታ አይደለም፤ የሚበዛው አውቶቡስ ጠብቆ የተሰላቸና ተበድሮ የገዛ ሠራተኛ ነው። ዳሩ ግን የዚህን ቤት ታሪክ ስናገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ገነተ ልዑል ትልቅ ቤት የሆነው በመኪና ለመጡት እንግዶቹ አይደለም። በየካቲት 12 በእግሩ መጥቶ ባለቀው ድኻ፣ ወገኖቹን በታክሲው ባሸሸው ነጂ፣ ከአራት ኪሎ እየተከራከረ በወጣው ተማሪ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ለትምህርት ሲሰጥ ሕንጻው ብቻ አልነበረም የተሰጠው፣ የመግባት መብትም ተሰጥቶ ነበር። መብት ደግሞ ከበሩ አይጀምርም። ከሚያደርሰው መንገድ ይጀምራል። ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲፈለግ፣ አውቶቡስ የት ይቁም ሲባል፣ የእግር መንገድ ይስፋ ወይስ ይጥበብ ተብሎ ሲመከር፣ ከባለመኪናው በፊት የሚጠየቀው በእግሩ የሚመጣው ሊሆን ይገባል። ቤቱ የተሰጠው ለእሱ ነውና።