አትላስ ግሩፕ

አትላስ ግሩፕ የሊባኖስ ተወላጁ አርቲስት ዋሊድ ራአድ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 የሠራው የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት ነው። ሲታይ የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት (1975–1990) የሚያጠናና ሰነድ የሚሰበስብ ተቋም ይመስላል። ሆኖም ተቋሙም ሆነ ሰነድ ለገሱ የተባሉት ሰዎች የራአድ ፈጠራ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ

ጦርነቱን ለማቆም የታኢፍ ስምምነት በ1989 ተፈረመ። በ1991 የወጣው የምሕረት ሕግ አብዛኞቹን የጦርነቱ ወንጀሎች ከክስ ነፃ አደረገ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ፤ ሁሉም ወገን የተስማማበት የታሪክ መማሪያ መጽሐፍም አልወጣም። የራአድ ሥራ የተነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ዋና ዋና ሥራዎች

* የዶክተር ፋድል ፋኩሪ ማስታወሻ ደብተሮች፦ ፋኩሪ ልብ ወለድ የታሪክ ምሁር ነው። በአንዱ ደብተር የታሪክ ምሁራን በፈረስ እሽቅድምድም ይወራረዳሉ። ውርርዱ ግን በአሸናፊው ፈረስ ላይ አይደለም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ፈረሱ መስመሩን የሚያልፍበትን ቅጽበት ምን ያህል እንደሚስተው ነው። በሌላው ደብተር ደግሞ ቦምብ ከተጠመደባቸው መኪናዎች ጋር በዓይነትና በቀለም ይመሳሰላሉ የተባሉ የመኪና ፎቶዎች ተለጥፈዋል።
* የባሻር ካሴቶች (2001)፦ ሱሄል ባሻር የተባለ ልብ ወለድ ታጋች፣ በ1980ዎቹ ቤይሩት ውስጥ በእርግጥ ከታገቱ አሜሪካውያን ጋር ስለመታሰሩ የሚናገርበት ቪዲዮ ነው።
* የሞተር ፎቶግራፎች፦ መኪና በቦምብ ሲፈነዳ ብዙ ጊዜ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው ሞተሩ ነው። ሥራው ወታደሮችና መንገደኞች የወደቀ ሞተር ከበው የሚታዩባቸውን 100 ፎቶዎች ያቀርባል። ፎቶዎቹ በጊዜው በጋዜጠኞች የተነሡ እውነተኛ ፎቶዎች ናቸው።

እውነትና ፈጠራ

ፍንዳታዎቹ፣ እገታዎቹና ብዙዎቹ ፎቶዎች እውነተኛ ናቸው። የተፈጠሩት ባለቤቶቹ፣ የመዝገብ ቁጥሮቹና መግለጫዎቹ ናቸው። ስለዚህ ተመልካቹ አንድን ሰነድ እንዲያምን የሚያደርገው ይዘቱ ነው ወይስ ቁጥሩና የእጅ ጽሑፉ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ራአድ ራሱ የቡድኑን የምሥረታ ዓመት በተለያየ ቦታ በተለያየ መልኩ ይናገር ነበር። ሰነዶቹ ምናባዊ መሆናቸውን በግልጽ ቢናገርም የሚያምኗቸው ተመልካቾች አልጠፉም።

ይህ አሠራር አከራካሪ ጎን አለው። የጠፉ ዘመዶቻቸውን ለሚፈልጉ ቤተሰቦች እውነተኛ ሰነድ ብርቅ ነው፤ የተፈጠረ ሰነድ ሲጨመር ደግሞ እውነተኛውም ሊጠረጠር ይችላል። በሌላ በኩል፣ ሥራዎቹ የሰነድ አለመኖርን ራሱን ያሳያሉ፤ የማይመረመር ጦርነት በአሉባልታና በግምት እንደሚታወስ ያመለክታሉ። በመሆኑም የአትላስ ግሩፕ ሰነዶች ጦርነቱ እንዴት እንደሚታወስ ለማጥናት ይጠቅማሉ፤ ማን ምን እንደፈጸመ ግን ማስረጃ አይሆኑም።