የእጀታ ጋሻ

በአሮጌ መኪና በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ እጀታው ልባሱን ሰንጥቆ በሚወጣበት ቦታ፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማትሰፋ አንዲት ክብ ብረት አለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኢስከቸን ይሏታል። እኔ በቆምኩባቸው ጋራዦች ግን ስም የላትም፤ «ያቺን ክቧን አቀብለኝ» ይባልና ነገሩ ያልፋል። «የእጀታ ጋሻ» እንድትባል እፈልጋለሁ።

ስሙን ከሜዳ አላመጣሁትም። ኢስከቸን በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ስኩቱም» የመጣ ቃል ነው፤ ስኩቱም ደግሞ ጋሻ ማለት ነው። የአውሮፓ መኳንንት የቤተሰባቸውን ምልክት የሚሥሉበት የጋሻ ቅርጽ በዚህ ስም ተጠራ፤ ቆይቶም በቁልፍ ቀዳዳና በእጀታ ዙሪያ የምትለጠፈው ብረት ስሙን ወረሰች። እንዲያውም ቃሉ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ይስማማል። የሮማ ወታደር ስኩቱም ረዘም ያለ ነበር፤ የእኛ ጋሻ ግን ክብ ነው፣ መሐሉም ወደ ውጭ ጉብ ይላል። የበሯ ብረትም ልክ እንደዚያው ናት።

«ሽፋን» ለምን አይበቃም? ሽፋን የወንበሩም፣ የመሪውም፣ የሞተሩም አለ፤ መካኒኩ የትኛውን እንደምትለው ሊጠይቅህ ነው። «ሮንዴላ» እንዳንል ሮንዴላ በብሎን ራስ ሥር ተደብቃ ጫና የምትሸከም ናት፤ ይህቺ ደግሞ ለዓይን የወጣች፣ ከኋላዋ ያለውን ሻካራ ቀዳዳ የምትከልል ናት። መከለል የጋሻ ሥራ ነው። ጋሻ የመሬት ልክም መሆኑን አውቃለሁ፤ «የእጀታ» ከተባለ በኋላ ግን ማንም ከእርሻ ጋር አያምታታውም።

የጋሻዋ ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአምሳያ መኪና ላይ ነው። አምሳያ የምለው ሬፕሊካ የሚባለውን፣ የጥንቱን ሞዴል መልክ ይዞ እንደገና የሚሠራውን ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፖርሽ 356 ስፒድስተር ነው። ኒው ዮርክ ሆኖ ፖርሽ ያስመጣ የነበረው ማክስ ሆፍማን ለአሜሪካ ገበያ ቀለል ያለና ዋጋው የቀነሰ መኪና ይሠራ ብሎ ወተወተ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስፒድስተር በ2,995 ዶላር ቀረበ። ዛሬ የዋናው ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ፣ የፋይበርግላስ አካል በቮልስ ወለል ላይ አስቀምጠው አምሳያውን የሚሠሩ ብዙ ናቸው። በቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ356 ግን 2,100 ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ተቆርጦ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል።

እንዲህ ባለ አምሳያ መኪና በር ላይ የአሮጌ ቮልስ እጀታ የሚገጥም ሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ፈትቶ የገጠመ መካኒክ የሚያውቀውን ነገር ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተሠሩ ቮልሶች እጀታው አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ይሰካና አንገቱን አቋርጦ በሚያልፍ ቀጭን ፒን ይያዛል። ፒኑን ጋሻዋ ትደብቀዋለች። ከልባሱ ጀርባ ያለው ሞላ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ጋሻዋ እጀታው ላይ ተጣብቃ ትቀመጣለች፤ ለመፍታት ጋሻዋን በጣት ወደ ልባሱ መጫን፣ ፒኑ ብቅ ሲል በቀጭን ብረት መምታት ነው።

መግጠሙ ይከብዳል። የቮልስ በር ላሜራ ስለሆነ ውፍረቱ የታወቀ ነው፤ የፋይበርግላስ በር ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዚያ ላይ ባለቤቱ ስፖንጅ ያለው ወፍራም ቆዳ ካለበሰው ዘንጉ ያጥራል፣ የእጀታውና የዘንጉ ቀዳዳዎችም አይገናኙም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መዶሻ ያነሳል፤ እባካችሁ አታንሱ። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ ቆርጣችሁ አውጡ፤ የተቆረጠው ከጋሻዋ ጠርዝ እስካላለፈ ድረስ ማንም አያየውም።

እጀታው ከተሰካ በኋላ ዘሞ ከታየ ጥፋቱን እጀታው ላይ አትፈልጉ። አራት ማዕዘን ዘንግ በ90 ዲግሪ እየዘለለ ብቻ ይቀበላል፣ የፒኑ ቀዳዳ ደግሞ ምርጫውን ወደ ሁለት ያወርደዋል፤ በመካከል የሚስተካከል ነገር የለም። የዘመመው ከልባሱ ጀርባ ያለው መሣሪያ ነው። ልባሱን መልሶ አንስቶ እሱን ማቃናት ያሰለቻል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። መሣሪያው በፋይበርግላስ ላይ ሲታሰርም ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት፤ ጠባብ ብሎን ሲጠብቅ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል። ፒኑ ሲመታ ደግሞ ከእጀታው በታች እንጨት ይደገፍ።

በሩን ለመዝጋት አትቸኩሉ። በሩ ክፍት እንዳለ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቪቴ ገፍታችሁ የተዘጋ አስመስሉትና እጀታውን ሳቡ፤ ምላሱ ከተመለሰ መዝጋት ይቻላል። ስፒድስተር ጣሪያው የሚነሳ፣ ጎኑም የሚወጣ የሚወርድ መስታወት የሌለው ስለሆነ እጅ ከውጭ ይገባል፤ ጣሪያው በማይነሳ አምሳያ ግን ውስጥ ተቆልፎ መቅረት አለ።

ቃሉ በዚህ አይወሰንም። መስታወት ማውረጃው ሥር ያለችው «የማውረጃ ጋሻ»፣ ቤት ውስጥ ቧንቧ ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ ያለችው ክብ ብረትም «የቧንቧ ጋሻ» ልትባል ትችላለች፤ እንግሊዝኛውም ለቧንቧዋ የሚጠቀመው ያንኑ ኢስከቸን የሚለውን ቃል ነው።