ስለ ሕፃናት ፊደል ቆጠራ

በአማርኛ ስለ አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ትምህርት ሲነገር፥ ፊደል ተማረ ከማለት ይልቅ ፊደል ቆጠረ ማለት የተለመደ ነው። ቃሉም ከሥራው ጋራ የተስማማ ነው። የሚቆጠር ነገር አንድ በአንድ በጣት ይነካል፤ በዐይን ይታያል፤ በአፍም ይጠራል። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ከየኔታ ፊት ተቀምጦ የተማረ ሕፃን ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። በብራና፥ ኋላም በወረቀት የተጻፈውን ገበታ በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፥ ስንደዶ ወይም ቀጭን እንጨት በእጁ ይዞ፥ አንዱን ፊደል ሳይነካ ወደ ሁለተኛው እንዳያልፍ ይጠበቅ ነበር።

በዛሬው ዘመን መምህራን፥ ሕፃናት ፊደልን በእጃቸው እየነኩና እየሠሩ ይማሩ ሲሉ፥ ነገሩ ለብዙ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ዘዴ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የሕፃን ምላስ ፈጣን፥ ዐይኑ ግን ዘገምተኛ መሆኑን የጥንት መምህራን ዐውቀውት ነበር። ስለዚህ ምላሱ ከዐይኑ እንዳይለይ እጁን በመካከላቸው አገናኝ አደረጉት። ይህ ሥርዐት እንዴት እንደ ነበረና ምን እንደ ጎደለው ማወቅ፥ ልጆቹን ለንባብና ለቅዳሴ ለሚያሳድግ አጥቢያ ሁሉ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የሥራው ብዛት መታሰብ አለበት። የግዕዝ ፊደል 26 ነው፤ እያንዳንዱም ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ፥ ራብዕ፥ ኀምስ፥ ሳድስና ሳብዕ ተብሎ ሰባት መልክ ስላለው 182 ይሆናል። አማርኛ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀና ጨን ስለ ጨመረ 33 ፊደላት ይሆናሉ፤ በሰባት ሲባዙም፥ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፥ 231 ናቸው። ከ4ኛው መቶ ዓመት አስቀድሞ ፊደሉ ያለ አናባቢ ምልክት ይጻፍ ነበር። የድምፁ ምልክት በፊደሉ አካል ላይ ተቀጥሎ የሚታየው በንጉሥ ዔዛና ዘመን በአክሱም በተጻፉት የድንጋይ ጽሕፈቶች ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ይህን ሥራ ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ብዛት ግን ሥርዐት የሌለው አይደለም። በ የሚለውን ፊደል ብንመለከት፥ ሁለት እግርና አንድ ጣራ ያለው ቤት ይመስላል። ካዕቡ ቡ በቀኝ ወገቡ ላይ አንድ ጭረት ይጨምራል፤ ሣልሱ ቢ ያንኑ ጭረት ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ያወርደዋል። ራብዑ ባ ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፤ ኀምሱ ቤ በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሳብዑ ቦ ደግሞ ግራ እግሩን ያስረዝማል። ሳድሱ ብ ጭረቱን በግራ ያወጣል፤ ነገር ግን ሳድስ በብዙ ፊደላት ዘንድ የራሱ መልክ ያለው ስለ ሆነ ለብቻው መጠናት አለበት። ሌሎቹም ፊደላት አብዛኞቹ ይህን የመሰለ መንገድ ይከተላሉ፤ እንደ ረና እንደ ፈ ያሉት ግን ከልማዱ ወጣ ይላሉ። ይህን ዝምድና በዐይኑ የተረዳ ሕፃን 231 እንግዶችን ሳይሆን 33 ቤተ ሰቦችን ያውቃል።

የፊደል ቤት ቀን ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ሕፃኑ ፊደሉን ከሀ ጀምሮ ወደ ጎን፥ ቀጥሎም ወደ ታች ይቆጥራል። የኔታ ሁሉን አንድ በአንድ ለማስቆጠር ጊዜ ስለማይበቃቸው፥ ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቆጥረዋል፤ በዚህም ታላቁ የተማረውን ያጸናል፥ ታናሹም ከእኩያው አፍ ይማራል። መሽቶ ብርሃን ሲጠፋ ግን ገበታው ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል። አባታችን ሆይ፥ ውዳሴ ማርያም፥ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ በጆሮ እየተሰሙ በቃል ይያዛሉ። ስለዚህ ቀኑ ለዐይንና ለእጅ፥ ማታው ለጆሮ ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ ትምህርት ሌላውን እንዳይተካው እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት ነበረው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ፈተና በቀኑ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ሀ ሁ ሂ ሃ እየተባለ በዜማ የሚቆጠር ፊደል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዝሙር ይሆናል። ሕፃኑ ስንደዶው ሀ ላይ ቆሞ ሳለ አፉ መ ላይ ይደርሳል፤ ወይም ወደ ሰማይ እያየ ሁሉን እስከ ፐ ያደርሰዋል። ወላጆቹ ሰምተው ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን ከገበታው መካከል ጉ የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከሀ ጀምሮ ካልዘመረ አያገኘውም። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደልን ሰማው እንጂ አላየውም።

የአቡጊዳ ሥርዐት ለዚህ ድካም የተገኘ መድኀኒት ነው። ሕፃኑ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ገበታ ይሰጠዋል። በዚያ ገበታ የፊደሉ ተራ አ፥ በ፥ ገ፥ ደ፥ ሀ፥ ወ፥ ዘ እያለ ይሄዳል፤ ድምፁም በየፊደሉ ይለወጣል። ከአ ግዕዙ፥ ከበ ካዕቡ፥ ከገ ሣልሱ፥ ከደ ራብዑ፥ ከሀ ኀምሱ፥ ከወ ሳድሱ፥ ከዘ ሳብዑ ተወስዶ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይባላል። ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ዜማ አይረዳም። ሕፃኑ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ፥ ጭረቱንና ቀለበቱን አይቶ፥ እንደ ገና ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ምላሱ ቢሮጥ ይሰናከላልና ዐይኑን ይጠብቃል። የዚህም የሕፃናት ገበታ ስም ከፊደል ቤት ወጥቶ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታውቋል። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ፥ አናባቢው በፊደሉ አካል ላይ የሚቀጠልበትን የአጻጻፍ ዐይነት ሁሉ አቡጊዳ ብሎ ሰይሞታል።

ይህ ዐሳብ በሌላም አገር ለሚያስተውሉ መምህራን ተገልጦላቸው ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም ያስተምር የነበረው ኵንቲልያኖስ፥ ሕፃናት የፊደልን ስምና ተራ መልኩን ሳያውቁ አስቀድመው መሸምደዳቸውን ነቅፏል፤ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደላትን ለጨዋታ መስጠትንም ወዷል። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊቁ ሄሮኒሞስ ከቤተ ልሔም ሆኖ በሮም ለምትኖር ሌታ ለምትባል እናት ስለ ልጇ ስለ ጳውላ አስተዳደግ ሲጽፍ ይህንኑ መክሯል። ፊደላቱ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ተሠርተው ሕፃኗ ትጫወትባቸው፤ ተራቸውን በዜማ ከያዘች በኋላ የፊተኛው ከመካከለኛው፥ የመካከለኛው ከኋለኛው ይቀላቀልና በድምፅ ብቻ ሳይሆን በማየት ትወቃቸው ብሏል። መጻፍ ስትጀምርም ሌላ ሰው እጇን ይዞ ይምራት፤ ወይም በገበታ ላይ በተቀረጸው ፊደል ውስጥ ብዕሯን ታስኪድ አለ። ከሁሉም በላይ ትምህርትን ጠልታ እንዳታድግ አስጠነቀቀ። ሄሮኒሞስ ፊደላቱን በእጅ እንዲያቀላቅሉ ያዘዘውን፥ የኢትዮጵያ መምህራን በአቡጊዳ ገበታ ላይ አቀላቅለው ጻፉት።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ ይኸውም የዮሐንስ የመጀመሪያይቱ መልእክት መጀመሪያ ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ተለያይተው ያወቃቸውን ፊደላት ቃል ሆነው ያገኛቸዋል። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ በቁጥር ያነብባል፤ ከዚያም በግዕዝ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለ፥ የሚነሣውንና የሚወድቀውን ቃል እየለየ ያድጋል። ከዚህ በኋላ ወንጌለ ዮሐንስን፥ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ያነብባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ድግስ ደግሰው መምህሩን ያመሰግኑለት ነበር።

ነገር ግን ያለፈውን ማመስገን ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። በብዙ ስፍራ አለንጋና ኩርኩም ከስንደዶው ይልቅ ይሠሩ ነበር፤ ከፍርሃት የተነሣ ከፊደል ቤት የኮበለለ ሕፃንም ጥቂት አይደለም። የሚነበበው ግዕዝ ስለ ሆነ ሕፃኑ ድምፁን ያወጣል እንጂ ትርጓሜውን አያገኝም ነበር። ከሁሉም ይልቅ የእጁ ሥራ በመጠቆም ላይ ቆሞ ቀረ። ጽሕፈት የቁም ጸሐፊ ሙያ ተብሎ ተለይቶ ስለ ነበር፥ ዳዊትን አቀላጥፎ የሚደግም ሰው ስሙን መጻፍ ሳይችል ይገኝ ነበር። እጁ ፊደሉን ነካ፤ ነገር ግን አልሠራውም።

የኅትመት ሥራ በመጣ ጊዜም የፊደል ገበታ ከመጽሐፉ አልተለየም። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ በ1513 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም ከተማ በዮሐንስ ፖትከን እጅ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በሮም ከነበረው ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ሲሆን፥ ከመዝሙሩ ጋራ የፊደሉን ገበታ አትሟል። በኢትዮጵያም ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ መጀመሪያ በእጃቸው እየጻፉ፥ ኋላም በማተሚያ ቤታቸው እያተሙ ያሰራጩት የፊደል ገበታ ሀሁን፥ አቡጊዳንና ፊደለ ሐዋርያን በአንድነት ይዞ፥ ብራና ለማስጻፍ ዐቅም ከሌለው ድኻ ቤት ገባ። ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተከፈቱት አዳዲስ ትምህርት ቤቶችም ማንበብንና መጻፍን በአንድነት ስላስተማሩ፥ የጥንቱን ጉድለት በዚህ በኩል ሞሉት።

በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርያ ሞንቴሶሪ የተባለች ጣልያናዊት ሐኪም በሮም ለድኾች ልጆች ቤት ከፈተች። በዚያም ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው በገበታ ላይ የተለጠፉ ፊደላት ነበሩ፤ ሕፃናቱ ጣታቸውን በሻካራው መንገድ ላይ እያስኬዱ የፊደሉን ድምፅ ያሰማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ዐይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ብቻ ይለዩታል። እጃቸው መንገዱን አስቀድሞ ስለ ለመደ፥ መጻፍ ሲጀምሩ አይቸገሩም ነበር። ይህም ስንደዶው የጀመረውን ሥራ ወደ ፍጻሜ የሚያደርስ ነው።

እንግዲህ የኢዮቤልዩውን በዓል የሚያከብር አጥቢያ ያለፉትን ዓመታት ሲቆጥር፥ የሚመጡትን ዓመታት ማን እንደሚያነብባቸው ሊጠይቅ ይገባዋል። ፊደልን በዜማ ብቻ ያወቀ ልጅ ዲቁና ተቀብሎ መልእክት ለማንበብ በቆመ ቀን፥ ከቃል ጥናቱ ውጭ የሆነ ገጽ ሲገጥመው ይቆማል፤ ምእመናኑም ከእርሱ ጋራ ይቆማሉ። በባሕር ማዶ ባሉ አጥቢያዎች ደግሞ ሕፃኑ አማርኛን በመንገድ ስለማይሰማ፥ ዜማው ከአፉ ቶሎ ይጠፋል፤ በእጁ የሠራው ፊደል ግን ይቆይለታል።

ለዚህም ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በ በሦስት እንጨት ይሠራል፤ አጭር ስንደዶ በወገቡ ሲጨመር ቡ፥ ወደ እግሩ ሲወርድ ቢ፥ በሊጥ የተጠቀለለ ቀለበት ሲታሰር ቤ ይሆናል። ሕፃኑ በተነፋ አሸዋ ወይም ዐፈር ላይ በጣቱ ይጽፋል፤ ሽምብራና ባቄላ እየደረደረ የፊደሉን መልክ ያወጣል። ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት ተደባልቀው ይበተኑና ሕፃናቱ በአንድ በኩል የሀሁን፥ በሌላ በኩል የአቡጊዳን ተራ ይሠራሉ። ሰ ከሸ፥ ተ ከቸ፥ ነ ከኘ፥ ከ ከኸ፥ ዘ ከዠ፥ ደ ከጀ በራሱ ላይ ባለው ጭረት ብቻ ስለሚለይ፥ ጭረቱን የሚያነሡበትና የሚመልሱበት ጨዋታ ስድስቱን ጥንድ በአንድ ቀን ያሳያቸዋል። ታላላቆቹ ልጆችም እንደ ቀድሞው ታናናሾቹን ያስቆጥሯቸው። የየኔታ ድካም በዚህ ይቀልላል፤ አለንጋውም ሥራ ያጣል።

ዜማው ግን አይጣል፤ ጆሮም የራሱ ድርሻ አለውና። የሚያስፈልገው ሦስቱ እንዳይለያዩ መጠበቅ ነው። ዮሐንስ ሐዋርያ በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ ምስክርነቱን ሲያቀርብ በጆሮ የተሰማውን፥ በዐይን የታየውን፥ በእጅም የተዳሰሰውን በአንድነት አንሥቷል። የኢትዮጵያም ሕፃናት አቡጊዳን ጨርሰው ቃልን ማንበብ የጀመሩት፥ ስንደዷቸውን በዚሁ ንባብ ላይ እያሳረፉ ነው።